ሱዶኩው ለምን ጎራዴ ያዘ? ቁጥርና ውጊያ የተቀላቀሉባቸው የሞባይል ጌሞች እንዴት ነው የሚሰሩት

ፕሌይስቶር ገብታችሁ ፐዝል አርፒጂ ብላችሁ ሰርች ብታደርጉ ዝርዝሩ አያልቅም (አርፒጂ ማለት አንድ ሂሮ ይዛችሁ እየተዋጋችሁ ሌቭል የምትጨምሩበት የጌም አይነት ነው)። ሱዶኩ እየሞላህ ጭራቅ ግደል፣ ቁጥር እየደመርክ ድራጎን ጣል፣ ፈንጂ እየፈለግክ ሌቭል ጨምር ምናምን። መጀመሪያ ሲያዩት ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮችን በግድ ያጋቡ ነው የሚመስለው፣ አንዱ ቁጭ ተብሎ በእርጋታ የሚሰራ የጭንቅላት ስራ፣ ሌላው ጎራዴና አስማትና ጩኸት። ግን ስዕሉንና ሙዚቃውን አንስታችሁ ውስጡን ብታዩት አርፒጂም ራሱ ከላይ እስከታች ቁጥር ነው። የሂሮው ላይፍ ቁጥር ነው፣ ጎራዴው የሚያደርሰው ዳሜጅ ቁጥር ነው፣ ጋሻው የሚቀንሰው ቁጥር ነው። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው የጠረጴዛ አርፒጂ በ1974 ሲወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረበትም፣ ሰው ጠረጴዛ ከቦ ዳይስ እየጣለ ላይፉን ወረቀት ላይ በእርሳስ ነበር የሚቀንሰው። ስለዚህ መጋባታቸው አይገርምም፣ የሚገርመው አብዛኛው ጋብቻ ቶሎ መፍረሱ ነው።

የሚፈርስበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው ነው። ወይ ፐዝሉ ለተጫዋቹ ምንም ምርጫ አይተውለትም፣ ወይ ደግሞ የሂሮው ሌቭል እያደገ መጥቶ ፐዝሉን ይውጠዋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከያዛችሁ ማንኛውንም እንደዚህ አይነት ጌም ከፍታችሁ ጥሩ ነው አይደለም ማለት ትችላላችሁ።

መሰረታዊ አሰራሩ ይሄ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የምታደርጉት እንቅስቃሴ ወደ ምት ይቀየራል፣ ከዛ ጭራቁ መልሶ ይመታል፣ የማን ላይፍ ቀድሞ ዜሮ ገባ ነው ጨዋታው። ይሄን መንገድ በሰፊው ያስተዋወቀው በ2007 የወጣው ፐዝል ኩዌስት ነው፣ አውስትራሊያ ያለ ኢንፊኒት ኢንተራክቲቭ የሚባል ስቱዲዮ የሰራው። 8 በ 8 ሰሌዳ ላይ ባለ ቀለም ድንጋዮች አሉ፣ ሶስት አንድ አይነት ስትገጥሙ ቀለሙ ለአስማት የሚሆን ማና ይሰጣችኋል፣ የራስ ቅል ስትገጥሙ ደግሞ ጠላት ይመታል፣ አራት ከገጠማችሁ ተራው ሳያልፍ ድጋሚ ትጫወታላችሁ። ብልሃቱ ሰሌዳው የጋራ መሆኑ ላይ ነው። እናንተ ያልወሰዳችሁትን ጭራቁ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ለራስ ጥሩውን ብቻ ሳይሆን ለሱ ምን ትቼ ልሂድ የሚለውንም ታስባላችሁ። ይሄ የቁጥር ፐዝል አልነበረም ግን በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ከዚህ ነው የቀዱት።

ቀጥሎ በ2012 ጃፓን ውስጥ ጉንግሆ የሚባል ኩባንያ ፐዝል ኤንድ ድራጎንስን ለስልክ አወጣ፣ እዚህ ላይ ሂሳቡ መታየት ጀመረ። 6 በ 5 ሰሌዳ ነው፣ አንዷን ኳስ በጣት ይዛችሁ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እየጎተታችሁ ሌሎቹን ታሰልፋላችሁ። ሶስት አንድ አይነት ኳስ አንዴ ሲገጥም ኮምቦ ይባላል፣ ከመጀመሪያው ኮምቦ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኮምቦ ጠቅላላ ምቱ ላይ 25 ከመቶ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን አስቡት፣ አንድ አይነት ቀለም ባለ ሶስት ሶስት 5 ኮምቦ ብትሰሩ መጀመሪያ አምስቱ ምቶች ይደመራሉ፣ ከዛ ድምሩ በ2 ይባዛል (1 ሲደመር አራት ጊዜ 0.25)፣ በአንድ ኮምቦ የሚመታው 100 ከነበረ አሁን 1000 ሆነ። አምስት እጥፍ የሰራ ሰው አስር እጥፍ መታ ማለት ነው። ጎበዝና ጀማሪ መሃል ያለው ርቀት በሂሳቡ ውስጥ ተገንብቷል፣ እሱ ነው ጥሩ የሚያደርገው፣ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሱዶኩ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። ሱዶኩ አሁን ባለው መልኩ በ1979 አሜሪካ ውስጥ ሃዋርድ ጋርንስ በሚባል ሰው ተሰርቶ መጽሔት ላይ የወጣ ነው፣ ስሙን ያገኘው ግን በ1980ዎቹ ጃፓን ኒኮሊ የሚባለው አሳታሚ ሲያወጣው ነው። 81 ቤት አለው፣ በየአግድሙ፣ በየቁልቁሉና በየ3 በ 3 ክፍሉ ከ1 እስከ 9 ሳይደገም ይሞላል፣ በትክክል የተሰራ ሱዶኩ ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ ነው፣ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥር ተሞልቶ መሰጠት እንዳለበት በ2012 አየርላንድ ውስጥ ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር አረጋግጠዋል።

እና ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መልሱ አንድ ከሆነ ውጊያ ውስጥ ምን ትመርጣላችሁ? ምንም። ቁጥሩ 4 ነው ወይም 4 አይደለም፣ ጎራዴ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም። ብዙ ጌም ሰሪዎች ይሄን ችግር በሰዓት ሊሸፍኑት ይሞክራሉ፣ በየ10 ሰከንዱ ጭራቁ ይመታችኋል፣ እና ቀስ ብሎ ማሰብ የሚወደውን ሰው (ሱዶኩ የሚጫወት ሰው ማለት እሱ ነው እኮ!) እያቻኮሉ ያባርሩታል። ሌሎቹ ደግሞ ስህተት ስትሰሩ ብቻ ላይፍ ይቀንሳሉ። ይሄም አይሰራም፣ ምክንያቱም ጎበዙ ተጫዋች አይሳሳትም፣ ስለዚህ ለሱ ጭራቁ ዝም ብሎ የቆመ ስዕል ነው። ሰነፉ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ያገኛል፣ አንድ ቤት ውስጥ ወይ 3 ወይ 7 እንደሆነ ካወቀ ማሰቡን ትቶ ይገምታል፣ ግማሽ ግማሽ ነው፣ አንድ ስህተት 10 ላይፍ የሚያስከፍል ከሆነ አንድ ግምት በአማካይ 5 ላይፍ ፈጀ ማለት ነው፣ መድሃኒቱ በ20 ኮይን ከተሸጠና አንዱ ብልቃጥ 50 ላይፍ ከመለሰ ማን ያስባል? ፐዝሉ እዛው ሞተ።

የሚሰራው መፍትሄ ሌላ ነው፣ ምን የሚለውን ትተው መቼ የሚለውን ምርጫ ማድረግ። ሱዶኩ ውስጥ 9 አግድም መስመር፣ 9 ቁልቁል መስመርና 9 ባለ 3 በ 3 ክፍል አለ፣ በድምሩ 27። እያንዳንዱ ሲሞላ አንድ ምት ይሁን በሉ። ሰሌዳው ሲያልቅ በትክክል 27 ምት ወጥቷል፣ አንዱ ምት 10 ከሆነ 270፣ ስለዚህ ጭራቁ 270 ላይፍ ብቻ ካለው ማንም ሰው ሞልቶ ሲጨርስ ያሸንፋል። አሁን ጭራቁን 700 አድርጉትና አንድ ህግ ጨምሩ፣ በአንድ ቁጥር ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተሞላ እያንዳንዱ ምት እጥፍ ይሆናል፣ ሶስት ነገር ከተሞላ ሶስት እጥፍ። ወዲያው ጨዋታው ይቀየራል። ያ ቤት 8 እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መልሱ በእጃችሁ ነው፣ ግን አታስገቡትም። ታቆዩታላችሁ። አጠገቡ ያሉትን ሌሎቹን ሞልታችሁ አግድሙም ቁልቁሉም ክፍሉም በሱ በአንዱ 8 እንዲዘጉ ታመቻቻላችሁ። ጭራቁ ደግሞ በየ5 ቁጥሩ ይመታችኋል እንበል፣ ስለዚህ በጣም ካቆያችሁም ትሞታላችሁ። እዚህ ላይ ሰዓት የለም፣ ጥድፊያ የለም፣ ሱዶኩው አንድም አልተበላሸም፣ ግን ውጊያ ሆኗል። እኔ ሱዶኩና ውጊያ ሲቀላቀሉ ከሰማኋቸው መንገዶች ሁሉ ይሄ ነው የሚዋጥልኝ።

(ስልክ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ፣ ስክሪኑ ወደ ጎን 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ነው፣ ለ9 ስታካፍሉት አንዱ ቤት ከጣት ጫፍ ያንሳል፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ጭራቁና ሂሮው ቦታ ይፈልጋሉ። ለዛ ነው አንዳንዶቹ ሰሌዳውን ወደ 6 በ 6 የሚያሳንሱት።)

የ2048 ቤተሰብ፣ ማለትም ቁጥሮችን እያንሸራተታችሁ ሁለት ተመሳሳይ ሲገናኙ ወደ አንድ የሚዋሃዱባቸው ጌሞች፣ ደግሞ የተለየ ጸባይ አለው። 2048ን በመጋቢት 2014 ያወጣው ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ጣሊያናዊ ነው፣ ከሱ በፊት በየካቲት የወጣው ስሪስ የሚባለው ጌም ነበር መንገዱን የጠረገው። 2048 ላይ በየእንቅስቃሴው አዲስ ቁጥር ይመጣል፣ ከ10 ዘጠኙ 2 ነው፣ አንዱ 4፣ አማካዩ 2.2። ስታዋህዱ ድምሩ አይቀየርም፣ ስለዚህ 2048 ለመድረስ በአማካይ ቢያንስ ወደ 930 ጊዜ ማንሸራተት አለባችሁ። ለውጊያ ይሄ በጣም ረጅም ነው፣ ማንም ሰው አንድ ቦስ (ዋናውን ከባድ ጭራቅ) ለመግደል 930 ጊዜ አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ቁጥሩን መሃል ላይ እያወጡ መምታት ያስፈልጋል፣ ማለትም 64 ሰርታችሁ ጭራቁ ላይ ትወረውሩታላችሁ፣ ከሰሌዳው ይጠፋል።

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ቁጥር አለች ጌሙን ሙሉ የምትወስን፣ ሰሪዎቹ ብዙ ጊዜ የማያስቡባት። ሁለት 4 አለኝ። ለየብቻ ልወርውራቸው ወይስ 8 አድርጌ አንዴ ልምታ? የ8 ምት ከ4 ምት በትክክል እጥፍ ከሆነ ዳሜጁ እኩል ነው፣ ልዩነቱ ሰሌዳው ላይ የሚለቀቀው ቦታ ብቻ ነው። ከእጥፍ ካነሰ (ለምሳሌ 4 ሲወረወር 2 ዳሜጅ፣ 8 ሲወረወር 3 ዳሜጅ) ማዋሃድ ኪሳራ ነው፣ ተጫዋቹ ትናንሹን እየወረወረ ይጨርሳል፣ ትልቅ ቁጥር የመስራት ደስታው ይጠፋል። ከእጥፍ ከበለጠ ደግሞ መጠበቅ ያዋጣል፣ ሰው እየሰሰተ ያሳድጋል፣ በዛው ሰሌዳው ይሞላበታል። ስሪስ ነጥብ ሲቆጥር ያደረገው ይሄን ነው፣ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ነጥቡ ሶስት እጥፍ ይሆናል፣ 3 ሶስት ነጥብ፣ 6 ዘጠኝ ነጥብ፣ 12 ሃያ ሰባት ነጥብ። ውጊያ ላይ ተመሳሳዩን ነገር በጋሻ ማምጣት ይቻላል። ጭራቁ ከእያንዳንዱ ምት 5 የሚቀንስ ጋሻ ካለው፣ ባለ 6 አስር ምት 10 ዳሜጅ ብቻ ያደርሳል፣ ባለ 60 አንድ ምት ግን 55። አንዱ ጭራቅ ጋሻ ያለው ሌላው የሌለው ብታደርጉት ተጫዋቹ በየውጊያው ስልቱን መቀየር አለበት፣ ያው ሰሌዳ ያው ህግ ነው ግን አዲስ ጨዋታ።

ከሁሉም በላይ የሚያምረው ጋብቻ ግን ለኔ የማይንስዊፐር ነው። ዊንዶውስ 3.1 ላይ በ1992 ከገባ ጀምሮ ያልነካው ሰው የለም፣ ቁጥሩ ዙሪያው ስንት ፈንጂ እንዳለ ይነግራችኋል፣ ከተሳሳታችሁ በቃ አለቀ። ሪቻርድ ኬይ የሚባል የሂሳብ ሰው በ2000 እንዳሳየው ከጀርባው ያለው ጥያቄ በኮምፒውተር ሳይንስ ከባድ ከሚባሉት ጎራ ነው። የድሮው ማይንስዊፐር ትልቁ ህመሙ ግን ክብደቱ አይደለም፣ አንዳንዴ የግድ መገመት እንዳለባችሁ ነው፣ አርባ ደቂቃ በጥንቃቄ ሰርታችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ቤት ይቀራል፣ አንዱ ፈንጂ፣ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ እድል።

እዚህ ላይ ላይፍ ሲጨመርበት ምን ሆነ? ፈንጂው ሞት መሆኑ ቀርቶ ዋጋ ሆነ። ማሞኖ ስዊፐር የሚባለው የጃፓን ጌምና የአርጀንቲናው ዳንኤል ቤንመርጊ የሰራው ድራጎንስዊፐር ይሄን ነው ያደረጉት። በፈንጂ ቦታ ጭራቆች አሉ፣ እያንዳንዱ ጉልበት አለው፣ የሚታየው ቁጥር ደግሞ ዙሪያው ያሉት ጭራቆች ጉልበት ድምር ነው። ድራጎንስዊፐር ላይ ጭራቅ ስትገድሉ ጉልበቱ ያህል ላይፍ ይቀንስባችኋል።

አንድ ምሳሌ ልስራላችሁ። 5 ላይፍ ቀርቷችኋል። አንድ ቦታ 6 የሚል ቁጥር አለ፣ ዙሪያው ያልተከፈተው ሁለት ቤት ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ። ስለዚህ 6 እና 0 ሊሆኑ ይችላሉ፣ 5 እና 1፣ 4 እና 2፣ 3 እና 3፣ ወይም ተገላቢጦሽ። ዝም ብላችሁ አንዱን ብትነኩ ባለ 6 ሊወጣና ልትሞቱ ትችላላችሁ። አሁን ዞር በሉና እዩ፣ ሌላ 4 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚነካው ግራውን ቤትና አንድ ሌላ ቤት ነው። 4 ካለ ግራው ከ4 መብለጥ አይችልም። በቃ፣ ግራውን ንኩ፣ ምንም ቢወጣ አትሞቱም። 2 ወጣ እንበል፣ ላይፋችሁ 3 ሆነ፣ ቀኙ ደግሞ 4 መሆኑን አሁን በእርግጠኝነት አወቃችሁ። አትነኩትም። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ትናንሾቹን ለቅማችሁ ልምድ ሰብስባችሁ ሌቭል ስትጨምሩ ላይፋችሁ ይሞላል፣ ያኔ ተመልሳችሁ ትበሉታላችሁ።

ይሄ ከላይ የመጣችው ሌቭል ስትጨምሩ ላይፍ ይሞላል የምትለዋ ህግ ተራ ትመስላለች ግን የጌሙ ልብ እሷ ናት። ላይፋችሁ ግማሽ እያለ ሌቭል ብትጨምሩ ግማሹን አባከናችሁ። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ላይፉን እስከ ጫፍ ድረስ ያወጣዋል፣ ከዛ ነው ሌቭል የሚጨምረው። ጀማሪው ፈርቶ ይቆጥባል፣ በመቆጠቡ ነው የሚሸነፈው። ሎጂኩ ምን እንዳለ ይነግራችኋል፣ ላይፉ ደግሞ ምን መክፈል እንደምትችሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሰራም። ሁለቱ ጌሞች የተለጣጠፉ አይመስሉም፣ አንድ ነገር ናቸው።

ከዚህ በተቃራኒ ጫፍ ያለው ማስታወቂያ ላይ የምታዩት የግንብ ጌም ነው። ሂሮው ላዩ ላይ 10 ተጽፎበታል፣ ግንቡ ውስጥ 8፣ 15፣ 30 የያዙ ጠላቶች አሉ፣ ከናንተ ያነሰውን ስትገድሉ ቁጥሩ ይጨመርላችኋል፣ የሚበልጣችሁ ላይ ከሄዳችሁ ትሞታላችሁ። ማስታወቂያው ላይ የሚጫወተው ሰው ሁሌ ደደብ ነው፣ 10 ይዞ 15 ላይ ይሄዳል፣ እናንተን ሊያናድድ ሆን ተብሎ የተሰራ ነው። ግን አስቡት፣ መደመር ብቻ ካለ ይሄ ፐዝል አይደለም፣ ሁሌም ትንሹን መጀመሪያ መግደል ነው መልሱ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር የሚችል ልጅ ሁሉ ይጨርሰዋል። ፐዝል የሚሆነው ቅደም ተከተል ዋጋ ሲኖረው ነው። 10 ይዛችሁ አንድ +5 እና አንድ ×2 ብታገኙ፣ መጀመሪያ ደምራችሁ ብታባዙ 30፣ መጀመሪያ አባዝታችሁ ብትደምሩ 25። በሩ ላይ ባለ 28 ጠላት ካለ ልዩነቱ ሞትና ህይወት ነው። የሚቀንስ መርዝ፣ የሚያካፍል ወጥመድ፣ አንዴ ካለፋችሁት የሚዘጋ በር ሲጨመር እውነተኛ ፐዝል ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ነገር ደግሞ ጌሙ ውስጥ ላይኖር ይችላል፣ እንግሊዝ አገር የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው በ2020 ሆምስኬፕስና ጋርደንስኬፕስ የሚባሉ የሞባይል ጌሞችን ማስታወቂያዎች ያገደው በዚሁ ምክንያት ነበር፣ የሚያሳዩት ጨዋታና ትክክለኛው ጌም አይመሳሰሉም ብሎ።

እሺ፣ አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ፣ ሌቭሉ ፐዝሉን ሲውጠው። ሂሳቡን አብረን እንየው። በደንብ የሚያስብ ተጫዋች ዝም ብሎ ከሚነካካ ተጫዋች ሁለት እጥፍ ዳሜጅ ያደርሳል እንበል። የሂሮው ሌቭል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ምቱ 10 ከመቶ ያድጋል። 10 ከመቶ ትንሽ ነው፣ ግን በላይ በላዩ ስለሚባዛ በ7 ሌቭል ወደ 1.95 ይደርሳል፣ በ8ኛው 2.14። በ8 ሌቭል ጭንቅላታችሁ ተተካ ማለት ነው። በ30 ሌቭል 17 እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ የማሰብ ሁለት እጥፍ ምን ዋጋ አለው? ጌም ሰሪው ይሄን ለማስተካከል የቦሱን ላይፍ ከፍ ያደርጋል፣ ግን ለሁሉም ነው ከፍ የሚለው፣ ስለዚህ ከእንግዲህ በጣም ጎበዝ የሆነውም ሰው ሌቭል ከሌለው አያልፍም። ፐዝሉ ጌጥ ሆነ፣ የሚቀረው ሌቭል ነው፣ ሌቭል ደግሞ ይሸጣል።

ገንዘቡ የሚገባው በዚህ በር ነው፣ በተለይ ጋቻ በሚባለው፣ ከፍለህ ሳጥን ትከፍታለህ የትኛው ሂሮ እንደሚወጣ አታውቅም። ጃፓን በ2012 የጋቻን አንድ አይነት፣ ሙሉ ስብስብ ካሟላህ ትልቅ ሽልማት የሚለውን፣ ህገወጥ ነው ብላለች፣ ቤልጅየም ደግሞ በ2018 የሚከፈልባቸውን የእድል ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላ ከልክላለች። ፐዝል ስለሆነ ንጹህ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፣ ፐዝሉ የፊት ገጽ ሆኖ ከኋላው ይሄ ማሽን ሊኖር ይችላል።

ሌቭል ከነአካቴው ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ሰው ማደግ ይወዳል። ግን ማደግ ማለት ቁጥር መተለቅ ብቻ መሆን የለበትም። በ2019 የወጣው የቴሪ ካቫና ዳይሲ ደንጀንስ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በየተራው ዳይስ ይወጣላችኋል፣ መሳሪያዎቹ ደግሞ የራሳቸው ህግ አላቸው፣ አንዱ ጎዶሎ ያልሆነ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፣ አንዱ ከ4 በላይ አይቀበልም፣ አንዱ የገባለትን ያህል ይመታል። አዲስ መሳሪያ ስታገኙ የሚጨምረው የማሰቢያ መንገዳችሁ ነው። ሱዶኩው ላይም እንዲሁ ይቻላል፣ 10 ከመቶ ጉልበት የሚጨምር ጎራዴ ከመስጠት ማዕዘን ላይ የገባ ቁጥር እጥፍ ይመታል የሚል ቀለበት ብትሰጡት ተጫዋቹ ሰሌዳውን እንደ አዲስ ያየዋል። ሌላው መንገድ በየዙሩ ከዜሮ ማስጀመር ነው፣ የሰበሰባችሁት ሌቭል ዙሩ ሲያልቅ ይጠፋል፣ የሚቀረው እናንተ የተማራችሁት ነው።

አንድ ጌም ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መጫወት አያስፈልግም። መጀመሪያ ያለፋችሁትን ቀላል ሌቭል ተመልሳችሁ ሳታስቡ በዘፈቀደ እየነካካችሁ ተጫወቱት፣ ካሸነፋችሁ ችግር የለውም ቀላል ስለሆነ ነው፣ ግን አሁን ያላችሁበት ከባዱ ላይም እንዲሁ አድርጉና እዩ። ከዛ ደግሞ ጎራዴውን አውልቃችሁ በደንብ እያሰባችሁ ሞክሩት። በዘፈቀደ ከነጎራዴው ያለፋችሁትን እያሰባችሁ ያለ ጎራዴ ካልቻላችሁት መልሱ ታወቀ። ሁለተኛው ምልክት ስትሸነፉ የሚመጣው ስክሪን ነው፣ ጥሩው ጌም ስትሞቱ ሰሌዳውን ገልጦ የትኛው ጭራቅ የት እንደነበረ ያሳያችኋል፣ የትኛው ቤት ላይ እንደቸኮላችሁ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። የሌሎቹ የሽንፈት ስክሪን ግን ሱቅ ነው የሚከፍተው።